የቄብ መጀመሪያ ለአራስ ነው

አምስት ቄብ ዶሮ የገዛሁት ሚስቴን ላለማጣት ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ ይሳቅ። ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እኔም እስቅ ነበር።

ሚስቴ እልፍነሽ መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ረሳች፣ ከዚያ ወጡ ጨው እንዳለው፣ ከዚያ ደግሞ የአዲስ አበባው ቤታችን ፈርሶ ቡራዩ መግባታችንን። ጠዋት ተነስታ «ወደ ቤታችን እንሂድ» ትለኛለች፤ መኝታ ቤታችን ውስጥ ቆማ። ባለፈው መስከረም ከግቢ ወጥታ ጠፋች፤ ከሰዓታት በኋላ አምቦ መንገድ ዳር ታክሲ ስትጠብቅ አገኘናት። ልጃችን ማርያማዊት ይህን ስትሰማ ከሰበታ መጣች፤ ሳሎን ተቀምጣ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ እናቷን ልትወስዳት እንደሆነ ነገረችኝ።

«ብቻዎን አይችሉም» አለችኝ። ማርያማዊት ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ። ከታረቅን ወዲህ አንቱ ትለኛለች።

እኔ ያረጀ አናጢ ነኝ። የሚሠራ እጅ እንጂ የሚለምን አፍ አልተሰጠኝም፤ ያን ቀን ግን ለመንኩ። ሐኪሙ «በየቀኑ የምትሠራው ትንሽ ሥራ ስጧት፤ ከልጅነቷ የምታውቀውን» ብሎን ነበር፤ እልፍነሽ ደግሞ ጫንጮ ያደገች፣ ከዶሮ ጋር የነቃች ሴት ናት። በዚህ ተስማማን። ቄቦች እገዛለሁ፤ እልፍነሽ ትይዛቸዋለች። እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ማርያማዊት መጥታ ታያለች። ዶሮዎቹ ደህና ከሆኑ፣ እንቁላሉም በወጉ ከተሰበሰበ እናቷ ከእኔ ጋር ትቆያለች። ካልሆነ ሰበታ ትሄዳለች።

ዶሮዎቹን ከኦቦ ቦጂያ ገዛሁ። ኦቦ ቦጂያ ከእኛ በታች ባለው ሰፈር የአንድ ቀን ጫጩት እያመጣ አርባ አምስት ቀን አሳድጎ የሚሸጥ ሰው ነው። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ እውነቱ» ብሎ ይጀምርና ስለ ዶሮ ሲያወራ ግማሽ ቀን ይበላብሃል። ገና ቀይ ሥጋ ራሳቸው ላይ በወጉ ያልወጣላቸው አምስት ቄቦች በካርቶን አሰረልኝና ምክሩን በላዩ ጨመረልኝ።

«አምስት ወር ሲሞላቸው ይጥላሉ። ከዚያ በፊት ጎጇቸው ውስጥ የውሸት እንቁላል አስቀምጥ። ቄብ አታውቅም፤ ሜዳ ላይ ትጥላለች። አንድ እንቁላል ካየች ግን እዚህ ነው የሚጣለው ብላ ትገባለች።»

ቤቱን ከተረፈ ጣውላና ከሽቦ ወንፊት ሠራሁላቸው። የውሸቱን እንቁላል ከወይራ እንጨት ጠረብኩት፤ ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ነጭ ቀለም ቀብቼ። ጉራ አይሁንብኝና ዶሮ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሳሳትበታል። እልፍነሽ እጇ ላይ አገላብጣ አየችውና ገለባው ላይ አስቀመጠችው።

«የመጀመሪያው የማን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ።

«የማን ነው?»

«የቄብ መጀመሪያ ለአራስ ነው። ወላድ ለወላድ። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።»

እሺ አልኳት። በቀን ስንት ነገር ትለኛለች፤ ሁሉን እሺ ማለት ለምጄ ነበር። እዚህ ላይ ግን ልሰማት ይገባ ነበር።

ሦስት ወር ተኩል እልፍነሽ ሰው ሆና ሰነበተች። የኔን ስም ስትስት ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ታውቃለች፤ ጥቁሯን እመት፣ አንገተ ራቁቷን ድሃ አደግ ብላ ሰይማቸዋለች። ውኃ ትቀይራለች፣ ፉርሽካ ታራሳለች፣ ኩሳቸውን ትጠርጋለች። እኔ ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ከኦቦ ቦጂያ ደጅ ትንሽ ተጨዋውቼ አራት ሰዓት ላይ ስመለስ ግቢው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀኛል። ከግቢው ወደ ውጭም ዝር አላለችም። ማርያማዊት ስትደውል «አንድም ነገር የለ» እላታለሁ፤ እውነትም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ቄቦቹ ደረሱ። ራሳቸው ላይ ያለው ሥጋ ደም መሰለ። ጀርባቸውን ስነካቸው እንደ ድሮው አይሸሹም፤ ክንፋቸውን ዘርጋ አድርገው መሬት ላይ ዝቅ ይላሉ። ኦቦ ቦጂያ ይህን ስነግረው «በቃ፣ ሳምንት አይሞላም» አለኝ። እኔም በደስታ ማርያማዊትን ለሚመጣው እሑድ ሁለት ሳምንት ቀጠርኳት።

ሳምንቱ ሞላ፤ እንቁላል የለም። ሁለተኛው ተጀመረ፤ የለም። የባሰው ነገር፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጥቁሯ ዶሮ አንገቷን አስግጋ ታስካካለች፤ ዶሮ ደግሞ ሳትጥል አታስካካም። እጄን ጎጆው ውስጥ እሰዳለሁ። ባዶ ገለባ። አንድ ቀን የወይራው እንቁላል ራሱ ጠፋ። ይኸን ጊዜ ተናደድኩም፣ ሳቄም መጣ፤ ለሌባም ሌባ አለውና የእንጨት እንቁላል የሚሰርቅ ሌባ አጋጠመኝ። እልፍነሽን ብጠይቃት «ገና ናቸው» ትለኛለች፤ ዓይኔን ሳታይ። ሸለምጥማጥ ነው ብዬ ሽቦውን አጠበቅኩ። አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አስቀመጥኩ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ ግን ከጎጆው ሳይወጣ እግር አውጥቶ የሄደ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የሚያባንነኝ እንቁላል ወድጄ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እሑድ እየቀረበ ነበር። እልፍነሽ ከሄደች በዚያ ቤት እኔና ግድግዳው ልንቀር ነው። ይህን ፈራሁ፤ ሌላም የምፈራው ነበረኝ፤ እሱን ልናገር።

ማርያማዊት ከዘጠኝ ዓመት በፊት አደም የሚባል ሰው አገባች። አደም ሙስሊም ነው። ሌላ እንከን ብፈልግበት አላገኘሁም። ቢሆንም ለእኔ በቂ ነበር፤ «ደጃችሁን አልረግጥም፤ እናትሽም አትረግጥም፤ እሱም የኔን አይረግጥም» አልኳት። በዓመቱ ወለደች። ያን ጊዜም ዶሮ ነበረን፤ ቄቦቹ መጣል የጀመሩት ያን ሰሞን ነው። እልፍነሽ የገንፎ ዱቄት አዘጋጅታ፣ ቅቤ አንጥራ፣ እንቁላሎቹን በፉርሽካ መሀል ደርድራ ዘንቢል ሞላች። ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ የግቢውን በር ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ቀን። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ማርያማዊት ደወለች፤ ስልካችን አንድ ነበር፣ የሚውለውም እኔ ዘንድ ነው። «እናትሽ አልመጣም ብላለች» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ዝም ተባባልን።

ውሸቱ እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው። እልፍነሽ ባሏን ለልጇ አሳልፋ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። ማርያማዊት ስንት ዓመት ቆይታ ስትታረቀን ደግሞ እናትየው ካለፈው ነገር ብዙውን ረስታለች። ልጅቷ ትመጣለች፣ መድኃኒት ታመጣለች፣ የእናቷን ጥፍር ትቆርጣለች። አቅፋት ግን አታውቅም። አንዴ «እሷ ሳትመጣልኝ እኔ መጣሁላት» ስትል ሰምቻታለሁ። አደም ሲያመጣት ከግቢው አይገባም፤ ያልኩትን ቃል አክብሮ ውጭ ዳማስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። እኔም ግባ አላልኩትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ተስፋ ቆረጥኩና ጥቁሯን ዶሮ አረድኩ። ልጄ ስትመጣ ቢያንስ ወጥ ትብላ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በዶሮዋም ተናድጄባት ነበር። ድሮ ብልቱን የምታወጣው እልፍነሽ ነበረች፤ አሁን ሥራው የኔ ነው። ሆዷን ስከፍት እጄ ጠንካራ ነገር ነካ። ቅርፊቱ ያለቀለት፣ ሙቅ፣ ሙሉ እንቁላል። ከኋላው ደግሞ አስኳሎች፤ ትልቁ፣ ቀጥሎ ያነሰው፣ እንዲህ እያለ እስከ ምስር ፍሬ ድረስ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል። ነገ የሚጣለው፣ ከነገ ወዲያ የሚጣለው፣ በሳምንቱ የሚጣለው። መካን ያልኳት ዶሮ እየጣለች ነበር።

እልፍነሽ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። «ወላድ ገደልክ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ። ወደ ቤት ገባች።

እንግዲያው ሌባ አለ ማለት ነው። ደሙን ልደፋ ወደ ግቢው ጀርባ ስሄድ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ኤልሳቤት የምትባል ልጅ ተከራይታለች። ከሆሳዕና የመጣች ናት፤ ባሏ ዱከም ግንባታ ላይ እየሠራ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ለገና ሰሞን ወልዳለች፤ እናት የላት፣ እህት የላት፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች በቀር ጠያቂ የላት። በሯ ላይ ያለው የቆሻሻ ከረጢት አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ደሜ ፈላ። አራስ ናትና በምሽት አልጮህባትም ብዬ ለጠዋት አሳደርኩት። እጅ ከፍንጅ ልይዛትም ፈልጌ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወደ ኪዳን የሄድኩ መስዬ ወጣሁና በጓሮ በኩል ተመልሼ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ቆምኩ። ዕድሜ ለዶሮ፣ በሰባ ዓመቴ ድብብቆሽ አጫወተኝ። ሁለት ሰዓት ሲሆን እልፍነሽ ከቤት ወጣች። ግራ ቀኝ አየች። የዶሮዎቹን ቤት ከፍታ እጇን ከተተች፤ ሁለት እንቁላል አወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸውና ቁልቁል ወደ ሰርቪስ ቤቷ ሄደች። በሩን አላንኳኳችም።

ተከትዬ መስኮቱ ሥር ደረስኩ። የእልፍነሽ ድምፅ ይሰማኛል፤ ይህን ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

«ማርያማዊት፣ ብዪ የኔ ልጅ፤ ሳይቀዘቅዝ። የቄብ ነው። ትላንት ያልመጣሁት አባትሽ እቤት ስለዋለ ነው። ዛሬ ወጥቷል። እንዳትነግሪው እሺ? በሩን ይቆልፍብኛል።»

«እሺ እማማ» አለች ኤልሳቤት።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔን ረስታ፣ ቤቷን ረስታ፣ የዛሬውን ቀን ረስታ፣ ያን በር አልረሳችውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራ አሁን ክፍት ሆኖ አገኘችው።

እልፍነሽ ስትወጣ አሳለፍኳትና ገባሁ። ኤልሳቤት ሕፃኑን ታቅፋ ልትነሳልኝ ሞከረች፤ ፊቷ ደነገጠ።

«አባባ፣ በጌታ ስም፣ አልሰረቅኩም። በመጀመሪያው ቀን ‹እኔ ኤልሳቤት ነኝ› ብያቸው ነበር። አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። እንዳትናገሪ ሲሉኝ ደግሞ እርስዎ እንደሚቆጡ ገባኝ።» ከአልጋው ሥር ባልዲ ሳበች። በፉርሽካ ውስጥ እንቁላሎች ተደርድረዋል። «ሁሉንም አልበላሁም። የቀረውን ልመልስልዎ ብዬ ነበር። ይቺን ደግሞ መቀቀል አልቻልኩም» ብላ የወይራዋን እንቁላል ሰጠችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ጨዋ ሰው ብሆን ኖሮ እዚያው ላይ ባበቃሁ። ልጄ አምስት ሰዓት ላይ እንደምትመጣ ትዝ ሲለኝ ግን ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ መጣብኝ ብቻ ሳይሆን ሠራሁት። ባልዲውን ይዤ ገባሁ። አሥራ ሁለቱን እንቁላል ጠርጌ በሰፌድ ደርድሬ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ማርያማዊት መጣች። ግቢውን አየች፣ ዶሮዎቹን አየች፣ ሰፌዱን አየች። አንዱን አንስታ አገላበጠችው።

«እማዬ ነች የሰበሰበቻቸው?»

«እሷ ናት» አልኩ። ይኸ እንኳ ውሸት አልነበረም።

እንቁላሉን ሰፌዱ ላይ መለሰችው። ከዚያ «እሺ» አለች። «ትቆይ። ዓይኔ ያየውን አልክድም።»

አሸነፍኩ ማለት ነው። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሳልኝ። ማርያማዊት ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች፤ አደም ውጭ እየጠበቀ ነው። በረንዳው ላይ እልፍነሽ መጣችባት። አንገተ ራቁቷ ድሃ አደግ አሁን ጥላ ኖሯል፤ እንቁላሉ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አላወቀቻትም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«የኔ እመቤት፣ መንገደኛ ትመስያለሽ። ሰበታ በኩል ነሽ? ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ። ማርያማዊት ትባላለች። ወልዳለች፤ ሦስት ቀኗ ነው። እናቴ ቀረችብኝ እንዳትል። አልቀረሁም፤ አባቷ በሩን ቆልፎብኝ ነው በያት።»

ማርያማዊት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን እያለች ነው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ረስታ ነው፣ ምን የማትለው አለ፣ ትላንት ዶሮዋን ወላድ ናት ስትል ነበር። ልጄም ታምነኛለች፤ ሐኪሙም ይመሰክርልኛል። እልፍነሽ ከእኔ ጋር ትቀራለች። የምትመሰክርብኝ የረሳች ሴት ብቻ ናት። አየኋት። እንቁላሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያቺ ሴት ትቀበላት እንደሆነ እየጠበቀች ነው። በረንዳው ላይ እንደዚያው ነበር የተቀመጠችው፤ ሦስት ቀን።

«እውነቷን ነው» አልኩ። «ዘንቢሉን ሞልታ ልትወጣ ስትል ቆለፍኩባት። በስልክም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። አልመጣም አላለችም።»

«አንተ ነህ?» አለች። ከስንት ዓመት በኋላ አንተ አለችኝ፤ በዚህ ቀን።

«እኔ ነኝ።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ እናቷ ዞራ እንቁላሉን ተቀበለች፤ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፣ ሙቅ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ እልፍነሽን አቀፈቻትና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እልፍነሽ የማታውቃትን ሴት ጀርባ ትዳብሳለች።

«አይዞሽ፣ የኔ እመቤት። ምነው? ይደርስላት የለ?»

«ደርሷታል፣ እማዬ» አለች ማርያማዊት። «ደርሷታል።»

በዚያው ቀን ወሰደቻት። ልብሷን በሻንጣ ከትቼ እስከ ዳማሱ ድረስ ተሸከምኩ። አደም ወርዶ ተቀበለኝ። ሰላም አልኩት፤ ሰላም አለኝ። እልፍነሽ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በመስኮት አላየችኝም፤ የልጇን እጅ ይዛ ነበር። ሄዱ።

ቤቱ እኔና ግድግዳው የቀረንበት ሆነ። አራቱ ዶሮዎች ይጥላሉ። ጠዋት ከሚገኘው ግማሹን ለኤልሳቤት እወስዳለሁ፤ ግማሹን በፉርሽካ ውስጥ አኖራለሁ። የወይራዋን እንቁላል ወደ ጎጆው መመለስ አላስፈለገኝም፤ ቄቦቹ ቦታውን አውቀውታል። ኪሴ ውስጥ ናት፤ ያን ጊዜ ቁልፉን የያዝኩበት ኪስ።

አሥራ አንድ ቀን በኩራት ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ዘንቢሉን ሞልቼ ታክሲ ያዝኩ። ከቡራዩ ሰበታ ሦስት ታክሲ ነው፤ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። አየር ጤና ላይ ረዳቱ «ፋዘር፣ ከኋላ ላስቀምጥልህ» ቢለኝም አልሰጠሁትም። ዘጠኝ ዓመት አልረግጠውም ያልኩትን ደጅ አንኳኳሁ። አደም ከፈተ። አንድ ጊዜ ዘንቢሉን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ።

«ግቡ፣ አባባ» አለኝ። የግቢውን በር እንደተከፈተ ትቶት ማርያማዊትን ሊጠራ ገባ።

እልፍነሽ ፀሐይ ላይ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀምጣለች፤ የልጅ ልጄ ጁማና እግሯ ሥር የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። የእልፍነሽ ፀጉር በወጉ ተሠርቷል፤ ጉንጯም ሞላ ብሏል። ዘንቢሉን ስታይ ተነሳች። እጇን ከታ አንዱን አወጣች።

«የቄብ ነው?»

«የቄብ ነው» አልኳት።

ፈገግ አለች። ከዚያ ድንገት በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ በሩ ተመለከተችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ቶሎ ስጠኝና ሂድልኝ፣ ወንድሜ። ባለቤቴ እንዳያይህ። በሩን ይቆልፍብኛል።»

«አይቆልፍም» አልኳት። «በሩ ክፍት ነው፤ ይኸው እይው።»

አላመነችኝም። ከጎኗ ቆሜ አብረን በሩን አየን፤ እስክታምነኝ ድረስ ብዙ ቆየን።